የዴክ ስህተት በማጂክ ውድድር፦ ችግርና መፍትሄ ለዳኞች

ይህ የሚሠራው ማጂክ (Magic: The Gathering) በተባለው የካርድ ጨዋታ፣ እንደ ዓርብ ማታው ላለ ቀለል ያለ ውድድር ነው፤ የዴክ (ተጫዋቹ የሚጫወትበት የካርድ ክምር) ዝርዝር አይሰበሰብም፣ ከቅጣት በፊት ማስተካከል ይቀድማል።

ምልክት፦ ዴኩ ከዝቅተኛው 60 ካርድ በታች ሆነ
ብዙውን ጊዜ ካርዱ ያለፈው ዙር ተጋጣሚ ጋ ነው፦ ወስዶ ሲጠቀምበት ወይም ኤግዛይል (ከጨዋታ ውጭ) አድርጎት ከራሱ ጋር ጠቅልሎ ሄዷል፤ በተለይ የሁለቱም የካርድ ሽፋን (ፕላስቲክ ከረጢት) ጥቁር ከሆነ። ሳጥኑንና ወለሉን እዩ፣ ሰውየውን ጠይቁ። ካልተገኘ ተጫዋቹ በመረጠው ቤዚክ ላንድ (ሌሎች ካርዶች የሚከፈሉበት፣ የኮፒ ገደብ የሌለው መሠረታዊ ካርድ) ሙሉት።

ምልክት፦ ያልተፈቀደ ካርድ ወይም አምስተኛ ኮፒ (የአንድ ካርድ ገደቡ አራት ነው)
አውጡት፤ ከጎደለ በቤዚክ ላንድ ሙሉት። ድራፍት (ዴኩ እዚያው ከሚከፈቱ ጥቅሎች የሚሠራበት ውድድር) ላይ ዝቅተኛው 40 ነው፣ የኮፒ ገደብም የለም፤ ስለ አምስተኛ ኮፒ የሚከስ ካለ በትህትና መልሱት።

ምልክት፦ በመጀመሪያው ጨዋታ የሳይድቦርድ ካርድ ተሳበ
ሳይድቦርድ ከዙሩ ሁለተኛ ጨዋታ ጀምሮ ብቻ ወደ ዴኩ የሚገባ፣ እስከ 15 ካርድ የሚይዝ መጠባበቂያ ነው፤ አንድ ዙር እስከ ሦስት ጨዋታ አለው። ከሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው። ተጫዋቹ ባለፈው ዙር ሦስተኛ ጨዋታ ላይ ሦስት ካርድ ያስገባል፣ ያሸንፋል፣ በደስታ ሰብስቦ ይነሳል። በሚቀጥለው ዙር አራተኛ ተራው ላይ ከሦስቱ አንዱን ይስብና ክው ይላል።

እዚህ ላይ ቆጠራ ያታልላል። ሦስት ገብቶ ሦስት ስለወጣ ዴኩ 60፣ ሳይድቦርዱ 15 ነው። «ቆጥሬዋለሁ» የሚለው ሰው አልዋሸም፤ ቁጥሩ ግን ምንም አይነግራችሁም። መታየት ያለበት 15ቱ ምን ምን እንደሆኑ ነው።

ተጫዋቹን ከተጋጣሚው ጆሮ አርቁና ሳይድቦርዱን ሳያይ ይዘርዝርላችሁ፤ ስልኩ ላይ ዝርዝር ካለው ያሳይ። ከዚያ ላይብረሪውን (ገና ያልተሳበውን ክምር) ራሳችሁ ፈትሹ። ቸኩሎ የታየውን አንድ ካርድ ብቻ አውጥቶ የሚሄድ ዳኛ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ይጠራል፤ ሁለቱ ገና ውስጥ ናቸውና። ሦስቱንም አውጡ፣ ትክክለኞቹን መልሱ፣ በውዙ። ከመበወዝ በፊት ግን ጠይቁ፦ በስክራይ (የላይብረሪውን የላይ ካርድ አይቶ ከላይ ወይም ከታች ማስቀመጥ) ወይም በሌላ ምክንያት ቦታው የታወቀ ካርድ ካለ ለብቻው ይቀመጥና ወደ ቦታው ይመለስ። ይሄን የሚረሳ ዳኛ አንዱን ስህተት በሌላ ይተካል። የወሰዳችሁትን ደቂቃ ለሁለቱም ጨምሩ፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

ለቅን ስህተት የጨዋታ ሽንፈት አይሰጥም። ተነግሮት የሚደጋግም ግን ሊሰጠው ይችላል። እያወቀ ለጥቅሙ የደበቀ አጭበርባሪ ነው፤ ከውድድሩ ይወጣል።

ሁለት ማሳሰቢያ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አንድ በአንድ መተካት ግዴታ አይደለም፤ በሁለተኛው ጨዋታ 61 ካርድና 14 ሳይድቦርድ ስህተት አይደለም። ድራፍት ላይ ደግሞ ዝርዝር እስካልተሰበሰበ ድረስ በዙሮች መካከል ዴክ መቀየር ስለሚፈቀድ ይህ ችግር ከነጭራሹ የለም።

ምልክት፦ አንዳንድ ካርድ ከጀርባው ይለያል
ርካሽ ሽፋን ነው፤ ማዕዘኑ በአንድ ምሽት ይታጠፋል። ጥቂት ከሆነ ያንኑ ይቀይር። የተለዩት ሁሉ ላንድ ከሆኑ ወይም ፎይሎቹ (የሚያብረቀርቁት ካርዶች) ብቻ ከተጣመሙ ሁሉንም አስቀይሩ። ሁለት ፊት ያላቸው ካርዶች ብርሃን በማያሳልፍ ሽፋን ካልሆነ ወይም በቦታቸው ይፋዊ ተተኪ ካርድ ካልገባ አይፈቀዱም። ከአንድ እሽግ የቀሩትን ትርፍ ሽፋኖች ይዞ መምጣት የተጫዋቹ ሥራ ነው፤ የተለያየ ፋብሪካ ጥቁር አንድ ዓይነት ጥቁር አይደለም።