ቢ.ኤስ.ሲ. ለከተማ ውኃ አገልግሎት፦ ከግብ እስከ ወርሃዊ ቁጥጥር

ቢ.ኤስ.ሲ. (ባላንስድ ስኮርካርድ፣ የመሥሪያ ቤትን ዕቅድና አፈጻጸም ከአራት ዕይታ የሚለካ ሥርዓት) በመሥሪያ ቤቶቻችን ዓመታት አስቆጥሯል፤ በብዙ ቦታ ግን በየስድስት ወሩ የሚሞላ ፎርም ብቻ ሆኗል። ፈጣሪዎቹ ካፕላንና ኖርተን በ1992 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቁት ዓላማው ከገንዘቡ ጋር ገንዘቡን የሚያመጡትን ሥራዎችም አብሮ ማየት ነበር። አሠራሩን የውኃ ብክነትን መቀነስ በሚፈልግ የከተማ ውኃ አገልግሎት እናሳይ። ቁጥሮቹ ለስሌት ማሳያ ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ ሰንጠረዥ አይከፈትም። በአንድ ገጽ ላይ የምክንያትና ውጤት ሰንሰለቱን ከታች ወደ ላይ ይጻፉ፦ የቧንቧ ሠራተኞች ሥልጠናና በቂ መለዋወጫ፣ ከዚያ ስብራትን በ24 ሰዓት ውስጥ መጠገን፣ ከዚያ በፈረቃ ውኃ የሚደርስበት ሰዓት መጨመር፣ መጨረሻ ላይ የገቢ ማደግ። አራቱ ዕይታዎች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ መማማርና ዕድገት፣ የውስጥ አሠራር፣ ተገልጋይ፣ ፋይናንስ። በሰንሰለቱ ውስጥ ቦታ የሌለው ግብ ይውጣ፤ ለጽሕፈት ቤቱ በጠቅላላ ከ8 እስከ 12 ግብ ይበቃል።

ቀጥሎ መለኪያ ነው። «የተጠገነ ስብራት ብዛት» መጥፎ መለኪያ ነው፤ መስመሩ ባረጀ ቁጥር ከፍ ይላልና። ጥቆማው ከደረሰበት እስከ ተጠገነበት ያለውን ሰዓት ይለኩ። ለእያንዳንዱ መለኪያ ቀመሩን፣ የመረጃ ምንጩን፣ ሰብሳቢውን፣ መነሻውንና ዒላማውን አስፍሩ። የብክነት ቀመሩ ቀላል ነው፦ ከተመረተው ላይ በቢል የተሸጠውን ቀንሶ ለተመረተው ማካፈል። 100,000 ሜትር ኩብ ተመርቶ 65,000 ከተሸጠ ብክነቱ 35 በመቶ ነው። የምርት ቆጣሪው ወር መጨረሻ ላይ ሲነበብ የደንበኞች ቆጣሪ ግን በተለያየ ቀን ስለሚነበብ የአንድ ወር ቁጥር ያሳስታል፤ የሦስት ወር ድምር ይውሰዱ።

ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው አፈጻጸም ሲሰላ ነው። የብክነቱ መነሻ 38፣ ዒላማው 28፣ ክንውኑ 35 በመቶ ነው እንበል። እንደተለመደው ክንውን ለዒላማ ሲካፈል 125 በመቶ ይወጣል፤ ወደ ዒላማው በቅጡ ያልተጠጋው ሥራ ከዕቅድ በላይ ተብሎ ይመዘገባል። አገላብጠው ዒላማን ለክንውን ቢያካፍሉም 80 በመቶ ይሆናል፤ እሱም ይሸፍናል። ትክክለኛው መንገድ የተቀነሰውን ሊቀነስ ለታቀደው ማካፈል ነው፦ ከ38 ወደ 35 የወረደው 3፣ ሊወርድ የታቀደው 10፣ አፈጻጸሙ 30 በመቶ። ሲቀንስ የሚሻል መለኪያ ሁሉ (የቅሬታ ብዛት፣ የጥበቃ ጊዜ፣ ያልተሰበሰበ ዕዳ) በዚህ መንገድ ይሰላ።

ክብደት (መለኪያው ከ100 ነጥብ የሚይዘው ድርሻ) ሲደለደልም የእያንዳንዱን መለኪያ አፈጻጸም በ100 ገድቡ። ክብደቱ 10 የሆነ ሥልጠና 240 በመቶ ቢፈጸም 24 ነጥብ አምጥቶ የብክነቱን ውድቀት ይደብቃል።

ዕቅዱ ወደ ሠራተኛ ሲወርድ ዒላማውን ለሰው ማካፈል ትልቅ በደል ነው። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ የከተማውን ብክነት አይቆጣጠርም፤ የሚቆጣጠረው የደረሰበትን ሰዓትና ጥገናው በ30 ቀን ውስጥ ዳግም አለመፍረሱን ነው። ቆጣሪ አንባቢው ደግሞ በግምት ሳይሆን በአካል ባነበበው ቆጣሪ መጠን ይመዘን።

ቁጥጥሩ በየወሩ ይሁን፤ ሩብ ዓመቱ መስከረም 30 ሲዘጋ ሦስት ወር ቀድሞ አልፏል። ከስብሰባው በፊት 10 የጥገና ካርድ በዕጣ አውጥቶ ለደንበኞቹ መደወል ያስፈልጋል። የተጻፈው ሰዓት ደንበኛው ከሚለው ጋር ካልገጠመ ሪፖርቱ ይመለስ።

ስብሰባው ላይ ዋናው ጥያቄ ሰንሰለቱ ሠርቷል ወይ የሚለው ነው። ጥገናው ካልፈጠነ ችግሩ የአፈጻጸም ነው፤ መለዋወጫውንና ተሽከርካሪውን ይዩ። ጥገናው ፈጥኖ ብክነቱ ካልቀነሰ ግን ሠራተኛውን መውቀስ አይገባም፤ ዕቅዱ የተነሣበት ግምት ተሳስቷል። ውኃው በሕገወጥ መስመር ወይም አሳንሶ በሚቆጥር አሮጌ ቆጣሪ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ወደ አንድ ቀጣና የሚገባውን ፍሰት ይለኩ፤ ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት ከፍ ያለ ፍሰት ካለ የሚፈስ ቧንቧ አለ። ውኃ በፈረቃ በሚሰጥበት ቀጣና ይህ ዘዴ ያታልላል፤ ሮቶዎች የሚሞሉት ሌሊት ነውና። የሌሊቱ ፍሰት ዝቅተኛ ከሆነ የቆጣሪ ቅየራን በበጀት ዓመቱ አጋማሽ በሚደረገው ክለሳ ዕቅዱ ውስጥ አስገብታችሁ ከጥገናው ክብደት ቀንሱለት።