ስለ እንግሊዝ ደጋፊዎች ባላንጣነት ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጓደኛዬ አዲስ አበባ እያለ አርሴናልን ሲደግፍ ያደገው ማንቸስተር ዩናይትዶችን እየተረበ ነው። ከዓመታት በፊት ኑሮው ለንደን ሆነ። ሰሜን ለንደን ሥራ ያዘና እዚያም ያንኑ ተረብ ቀጠለ። አንድ ቅዳሜ ደውሎ ግራ እንደገባው ነገረኝ። "ስለ ማንቸስተር ስቀልድ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ቶተንሃም ስል ግን ሁሉም ካለበት ይነሳል" አለኝ።

ከዚያ ስልክ በኋላ ነው ነገሩን በደንብ መከታተል የጀመርኩት። የእንግሊዝን ኳስ እንደ ራሳችን እንወደዋለን። ባላንጣነቱን ግን ብዙ ጊዜ በስህተት እናወራዋለን። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ስህተቶች ላንሳ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የእኛን ባላንጣ የእነሱም አድርጎ መውሰድ

ለብዙዎቻችን ትልቁ ጨዋታ አርሴናል ከዩናይትድ ነው። ምክንያት አለን። አርሰን ቬንገር በ1996 አሰልጣኝ ሆነው አርሴናል ሲገቡ የዩናይትዱ አሰልጣኝ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በክለባቸው ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ነግሠው ነበር። ከ1997 እስከ 2004 በተከታታይ ስምንት ዓመት የሊጉን ዋንጫ ከሁለቱ ሌላ የነካው የለም። በ2005 በያኔው የአርሴናል ሜዳ ሃይበሪ ላይ የዩናይትዱ አምበል ሮይ ኪን እና የአርሴናሉ አምበል ፓትሪክ ቪየራ ገና ሜዳ ሳይገቡ መተላለፊያው ውስጥ ተፋጠጡ። እኛ ኳስ በቴሌቪዥን መከታተል የለመድነው በዚያ ዘመን ነው። ስለዚህ ፉክክሩ ውሸት ነው የሚለኝን ሰው አልቀበልም። እውነት ነበር።

ግን የዋንጫ ፉክክር ነበር። ዋንጫው ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ ሙቀቱም አብሮ ቀነሰ። የአርሴናልና የቶተንሃም ግን ዋንጫ አይፈልግም። አርሴናል በ1886 የተመሠረተው ከቴምዝ ወንዝ ደቡብ፣ ዉሊች በሚባል የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሰፈር ነው። መድፈኞቹ የሚባሉትም ለዚህ ነው። በ1913 ወንዙን ተሻግሮ ሰሜን ለንደን፣ ሃይበሪ ሲገባ የቶተንሃም ሰዎች መጤ ሰፈራችንን ወረረው አሉ። ይባስ ብሎ በ1919 የያኔው ከፍተኛ ሊግ፣ አንደኛ ዲቪዚዮኑ፣ ከ20 ወደ 22 ክለብ ሲሰፋ፣ መጨረሻ የወጣው ቶተንሃም ወረደና በሁለተኛው ዲቪዚዮን አምስተኛ የነበረው አርሴናል በክለቦች ድምፅ ብልጫ ገባ። ድምፁ 18 ለ8 ነበር። የቶተንሃም ደጋፊ ይህንን ከአያቱ ሰምቶ ነው የሚያድገው። ሁለቱ ስታዲየሞች ዛሬም በ6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። ሥራ ቦታ፣ አውቶቡስ ላይ፣ አማቶቻቸው ቤት ይገናኛሉ።

ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ መለካት

"ደርቢ ማለት የአንድ ከተማ ልጆች ጨዋታ ነው" የሚለው ትርጉም ብዙ ያስቀራል። ሊቨርፑልና ማንቸስተር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። የጠቡ ሥር ኳስ ብቻ አይደለም። የማንቸስተር ነጋዴዎች ጥጣቸውን በሊቨርፑል ወደብ ለማስገባት የሚከፍሉት ቀረጥ መረራቸው። ስለዚህ 58 ኪሎ ሜትር ቦይ አስቆፍረው በ1894 መርከብ በቀጥታ ከተማቸው ድረስ አስገቡ። የዩናይትድ ዓርማ ላይ ያለችውን መርከብ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ባሕር የሌላት ከተማ ክለብ መርከብ የያዘው ያለ ነገር አይደለም፤ ከከተማዋ ዓርማ የመጣች የንግድ ምልክት ናት። ዛሬ ሁለቱ ክለቦች እኩል 20 የሊግ ዋንጫ አላቸው። ከ1964 ወዲህ ደግሞ ከአንዱ በቀጥታ ወደ ሌላው የተሸጠ ተጫዋች የለም። የመጨረሻው ፊል ቺስናል ነበር።

ከዚህም የሚገርመኝ የብራይተንና የክሪስታል ፓላስ ነው። አንዱ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው፤ ሌላው የደቡብ ለንደን ክለብ። መሃላቸው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ፋብሪካም ቦይም አላጣላቸውም። ያጣላቸው አንድ የውድድር ዘመን ነው።

በ1976 ሁለቱም ሦስተኛ ዲቪዚዮን ነበሩ፤ ሁለቱም ለማደግ ይሮጣሉ። አሰልጣኞቹ አለን ሙለሪ እና ቴሪ ቬናብልስ ቶተንሃም ውስጥ አብረው የተጫወቱ ናቸው። ኤፍ ኤ ካፕ ላይ ተገናኙና አቻ ወጡ። ተደገመ፣ አሁንም አቻ። ሦስተኛው ጨዋታ በታኅሣሥ ወር በገለልተኛ ሜዳ፣ በቼልሲው ስታምፎርድ ብሪጅ ተደረገ። ፓላስ 1 ለ0 እየመራ ብራይተን ሪጎሬ አገኘ። አምበሉ ብራያን ሆርተን መታ፣ ገባ። ዳኛው ግን ሰው ቀድሞ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል ብለው አስደገሙት። ሆርተን እንደገና መታ። በረኛው አዳነው።

ሙለሪ ሲያበቃ ዳኛው ላይ ጮኹ። ወደ መልበሻ ክፍል ሲሄዱ ከፓላስ ደጋፊዎች በኩል ትኩስ ቡና ተደፋባቸው። እሳቸውም ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው መሬት ላይ ጣሉና ክለባችሁ ይህን ያህል እንኳ አያወጣም አሉ። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ሁለቱም ክለቦች አብረው አደጉ። ጠቡ ግን ቀረ። ይኸው ከ40 ዓመት በላይ ሆነው። ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ዛሬ በዚያ ሪጎሬ ይበግናሉ። ታዲያ ሙለሪ ራሳቸው በ1982 የፓላስ አሰልጣኝ ሆኑ! የፓላስ ደጋፊዎች ምን እንደተሰማቸው አስቡት።

ስለዚህ ሰው ብራይተንና ፓላስን ደርቢ ሲል "የት ተገናኝተው?" ብላችሁ አትሳቁበት።

ጥላቻው የጋራ ነው ብሎ ማሰብ

ይህ አጭር ነው። ለፉልሃም ደጋፊ ትልቁ ባላንጣ ቼልሲ ነው። ስታምፎርድ ብሪጅ ራሱ ያለው ፉልሃም ሰፈር ውስጥ ነው። ቼልሲ በ1905 የተቋቋመውም ፉልሃም ወደዚያ ሜዳ አልገባም ስላለ ነው። የቼልሲ ደጋፊ ግን ሆዱን የሚያሳምመው ቶተንሃም ነው፤ ከእሱም ቀጥሎ እነ አርሴናል አሉ። የፉልሃሙ ሰውዬ ሲናደድ የቼልሲው ፈገግ ይላል። ይህ ደግሞ የበለጠ ያናድደዋል። አንድን ጨዋታ "የሁለቱ ደመኞች ፍልሚያ" ከማለታችን በፊት ሁለቱንም ወገን መጠየቅ ደግ ነው።

በጆሮ የሰማነውን ሳናጣራ መድገም

"ዴኒስ ሎው ዩናይትድን አወረደው።" ይህንን ያልሰማ የኳስ ወዳጅ ያለ አይመስለኝም። ሎው ለዩናይትድ 11 ዓመት ተጫውቶ ደጋፊው ንጉሥ ያለው ሰው ነው። በሚያዝያ 1974 በማንቸስተር ሲቲ ማሊያ ኦልድ ትራፎርድ መጣና በተረከዙ አገባ። አልጨፈረም። ፊቱ ጥቁር እንዳለ ተቀይሮ ወጣ። ደጋፊው ሜዳ ገብቶ ጨዋታው ሳያልቅ ተቋረጠ፤ ውጤቱ ግን 1 ለ0 ሆኖ ጸደቀ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዚያው ቀን ከመውረድ ለማምለጥ የሚፎካከረው በርሚንግሃም ስላሸነፈ፣ ሎው ባያገባም ዩናይትድ ይወርድ ነበር። ታሪኩ ስለሚያምር ብቻ ሰውየውን ላላጠፋው ጥፋት ተጠያቂ አድርገን ስንደግም ኖረናል። ይህ ያሳዝነኛል።

የ1919ኙም ድምፅ እንዲሁ ነው። አርሴናል ጉቦ ሰጥቶ ነው የሚባለው መቶ ዓመት ቢወራም እስካሁን ማስረጃ አልቀረበበትም። የሁለቱ የደቡብ እንግሊዝ ወደብ ከተሞች፣ የፖርትስመዝና የሳውዝሃምፕተን ጠብም በመርከብ ሠራተኞች አድማ ተጀመረ ይባላል። ሳውዝሃምፕተኖች አድማውን ሰብረው ሥራ ገቡ ነው ወሬው። ይህንንም የሚያረጋግጥ ነገር አልተገኘም። "ደጋፊዎቹ እንዲህ ይላሉ" ብሎ ማውራት አንድ ነገር ነው፤ "እንዲህ ሆነ" ማለት ሌላ።

"የወዳጆች ደርቢ" ሲባል ለስላሳ ጨዋታ መጠበቅ

ኤቨርተን መጀመሪያ የሚጫወተው አንፊልድ ላይ ነበር። በ1892 ከሜዳው ባለቤት ከጆን ሃውልዲንግ ጋር በኪራይና በአስተዳደር ተጣላና ወጣ። ሃውልዲንግም ባዶ ለቀረው ሜዳ አዲስ ክለብ አቋቋሙ፤ ሊቨርፑልን። ከዚያ ጀምሮ አንድ ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድም ሰማያዊ፣ ታናሽ ቀይ መልበስ የተለመደ ነው። በ1984 ዌምብሌይ ላይ ሁለቱ ለፍጻሜ ሲገናኙ ደጋፊው ተቀላቅሎ ተቀመጠ። "የወዳጆች ደርቢ" የተባለው ለዚህ ነው።

ሜዳ ውስጥ ግን ሌላ ነው። በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ብዙ ቀይ ካርድ የታየበት ግጥሚያ ይኸው የወንድማማቾቹ ጨዋታ ነው። ወንድም ከወንድሙ ጋር ሲጣላ እንዴት እንደሚከር የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊገርመን አይገባም።

በሞት መቀለድ

ይህንን ወደ ኋላ ያቆየሁት ሳይቸኩሉ እንዲያነቡልኝ ነው።

ሰፈራችን ባለው ዲኤስቲቪ ቤት የሊቨርፑልና የዩናይትድ ጨዋታ እያየን ነበር። ሊቨርፑል ሲያገባ ከፊቴ ያለ ቀይ ማሊያ የለበሰ ልጅ ብድግ አለና ሁለት እጁን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ዘርግቶ ወደ ዩናይትዶቹ ዞረ። እኔ ደነገጥኩ። እሱ ይስቃል።

ለእረፍት ሲወጡ ጠራሁት። ምን ማለትህ ነው አልኩት። "ጋሼ፣ በረርንባችሁ ማለት አይደል እንዴ? ስልክ ላይ አይቼ ነው" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ አያውቅም። ነገርኩት።

የካቲት 6 ቀን 1958 የዩናይትድ ልጆች ቤልግሬድ ተጫውተው ሲመለሱ ነበር። አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመሙላት ሙኒክ አረፈ። መንደርደሪያው በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ ነበረበት። ለሦስተኛ ጊዜ ለመነሳት ሲሞክር ተከሰከሰ። 23 ሰው ሞተ፤ ስምንቱ ተጫዋቾች ናቸው። ዱንካን ኤድዋርድስ 15 ቀን ሆስፒታል ከሞት ጋር ታግሎ አረፈ። አሰልጣኙ ማት በዝቢ በጭንቅ ተረፉ። በዝቢ ደግሞ በተጫዋችነት ዘመናቸው የሊቨርፑል አምበል ነበሩ።

ሌላኛው ወገንም የራሱን ያደርጋል። ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ሼፊልድ ውስጥ በሚገኘው ሂልስቦሮ ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች በአጥር መሃል ተጨፍልቀው ሞቱ። ቁጥራቸው 97 ደርሷል። ታናሹ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ፖሊስ ጥፋቱን ሰካራም ናቸው ብሎ በሟቾቹና በጓደኞቻቸው ላይ ጣለው። ቤተሰቦቻቸው 27 ዓመት ተሟገቱ። በ2016 የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ሟቾቹ በሕገወጥ መንገድ ተገድለዋል፣ ደጋፊዎቹም ጥፋት የለባቸውም ብለው ወሰኑ። ይህ ሁሉ ሆኖ "ሁሌ ተበዳይ ነን ባዮች" እያሉ የሚዘፍኑባቸው አሉ። ያንን ዜማ ትርጉሙን ሳያውቅ የሚያንጎራጉር የሀገሬን ልጅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግሊዝ ውስጥ ዛሬ እንዲህ ያለ ዝማሬ ፍርድ ቤት ያስቀርባል፤ ከስታዲየምም ያሳግዳል።

ከሂልስቦሮ በኋላ በነበረው ሳምንት ባላንጣዎቹ ኤቨርተኖች ምን እንዳደረጉም ነገርኩት። ሰማያዊና ቀይ ሻርፕ እየቋጠሩ ከያኔው ሜዳቸው ከጉዲሰን ፓርክ እስከ አንፊልድ፣ በስታንሊ ፓርክ አቋርጠው፣ አንድ ማይል ገደማ ዘረጉት።

ልጁ ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና "ያ ሆስፒታል የሞተው ስንት ዓመቱ ነበር?" አለኝ።

"ሃያ አንድ።"

"እኔ አሥራ ዘጠኝ ነኝ" አለ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሊቨርፑል ደገመ። ልጁ ብድግ ብሎ ጮኸ፣ ጠረጴዛ ደበደበ፣ ዩናይትድ የሚደግፉ ጓደኞቹን በተረብ ጨረሳቸው። እጁን ግን አልዘረጋም።