የድሮ የጂኦሎጂና የውሃ ሪፖርቶችን ወደ ዲጂታል መቀየር፦ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች

የመንግሥት የጂኦሎጂ ወይም የውሃ ሀብት ሪፖርት ሲገለጥ ዋናው ነገር ብዙውን ጊዜ ከኋላ ሽፋኑ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ይገኛል፤ ካርታው፣ የአለት ንብርብር ሥዕሉ፣ የጥልቅ ጉድጓድ መዝገቡ። ጽሑፉ ብቻ ስካን የተደረገበት ፋይል ውሃ ለሚፈልግ መሐንዲስ እምብዛም አይጠቅምም።

ስለዚህ ቆጠራው ይቅደም። ለእያንዳንዱ ጥራዝ የገጹን ብዛት፣ የተጣጠፉትን ሉሆችና በኪስ ያሉትን ለይታችሁ መዝግቡ፤ ከዚያ በማውጫው ከተዘረዘሩት ሥዕሎችና ካርታዎች ጋር አመሳክሩ። የጎደለ ካለ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። የአሜሪካ መንግሥት የውሃ ልማት መሥሪያ ቤት የሆነው ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ዋና ሪፖርትና በርካታ አባሪ ጥራዞች አሉት። እንዲህ ያለው ሥራ አንዱ ጥራዝ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ሆኖ ይገኛል፤ ሳይሟላ መጫን ደግሞ ተጠቃሚውን ሙሉ ነው ብሎ እንዲሳሳት ያደርገዋል።

የቅጂ መብቱንም አሁኑኑ አጣሩ። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው ያዘጋጁት በአገሪቱ ሕግ የቅጂ መብት የለበትም። አማካሪ ድርጅት ያዘጋጀው ግን ሌላ ነው፤ ካሠራው መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ።

ዝገት የያዘ ስቴፕል በቀጭን ስፓቱላ ከኋላ ተከፍቶ ይወጣል፤ ከፊት ከተጎተተ ወረቀቱን ይቀድዳል። ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ የደረቀ ፕላስተር አትንኩ። በአሞኒያ የተባዙ ሰማያዊ ወይም ቡናማ መስመር ያላቸው ንድፎች ብርሃን ያደበዝዛቸዋል፣ አጠገባቸው ያለውንም ወረቀት ያበላሻሉ፤ ለይታችሁ አስቀምጡና አንድ ጊዜ ብቻ ስካን አድርጉ። የታጠፈ ካርታ በሁለት ንጹሕ ካርቶን መካከል ክብደት ተጭኖበት አንድ ሁለት ቀን ይደር።

ለጽሑፍ ገጽ 400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ)፣ ባለ 24 ቢት ቀለም፣ ያልታመቀ ቲፍ (የምስል ፋይል ዓይነት) ይበቃል፤ አንድ የኤ4 ገጽ 46 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። 60 በ80 ሴንቲሜትር የሆነ ካርታ በዚሁ ጥራት ወደ 357 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ዲስክ ስትገዙ ይህን አስቡ። የከፍታ መስመሮቹ ፀጉር ያህል ከቀጠኑ ወደ 600 ከፍ አድርጉ። የጂኦሎጂ ካርታን በጥቁርና ነጭ አታንሱ፤ የአለቱ ዓይነት የሚለየው በቀለም ነው። የቀለም መለኪያ ካርድና ማስመሪያ በምስሉ ጠርዝ ይግቡ፤ 1፡250,000 የሚለው ጽሑፍ ስክሪን ላይ ትርጉም ስለማይኖረው በካርታው ላይ የተሳለው የርቀት መስመር ሳይቆረጥ መታየት አለበት። በሮለር የሚጎትት ስካነር ያረጀ ወረቀት ይቀድዳል፣ ወይም ምስሉን ይለጥጠዋል። ጠፍጣፋ ስካነር ወይም ከላይ የተገጠመ ካሜራ ይሻላል።

ካርታውን ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ከመልክዓ ምድራዊ ቦታው ጋር ስታያይዙ ሕዳጉን አንብቡ። አብዛኞቹ የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የመጋጠሚያ መነሻ (ቦታዎች የሚለኩበት የምድር ቅርጽ ስሌት) የተሠሩ ናቸው፤ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መረብ የዞን 37 ኮዱ በፕሮግራሙ ውስጥ 20137 ነው። ይህን ረስቶ ጂፒኤስ የሚጠቀምበትን ደብሊውጂኤስ 84 ብሎ የሞላ ሰው ነጥቡን ከ200 ሜትር በላይ ያስታል። በሪፖርቱ የተመዘገበ ጉድጓድ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ምስሉን ወደ ጽሑፍ ለመቀየር ቴሰራክት የተባለው ፕሮግራም የአማርኛ ሞዴል አለው፤ በታይፕ የተጻፈ የደበዘዘ ገጽ ላይ ግን ብዙ ይሳሳታል። ከሁሉ የሚያስፈራው የወንዝ ፍሰት ሠንጠረዥ ነው። ነጥቧ ስትጠፋ 1.5 ወደ 15 ይለወጣል፣ ማንም አያስተውልም። የታተመ የዓመት ድምር ካለ ወሮቹን ደምራችሁ አመሳክሩ፤ ካልገጠመ ገጹን በዓይን እዩ። በኪዩቢክ ጫማ የተጻፈውን እንዳለ ተዉት፤ ወደ ኪዩቢክ ሜትር የተቀየረው በተለየ ዓምድ ይግባ።

በመግለጫ መዝገቡ ላይ ዓመቱን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጻፉ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት የዝናብን መረጃ ሊያዛባ ይችላል። የቦታ ስሙን የድሮውንም ያሁኑንም አስገቡ፤ ናዝሬት የሚለውን ሉህ አዳማ ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱም እንዲሁ። ፊደሉንም አስቡበት። ሪፖርቱ «ውኃ» ይላል፣ አንባቢው «ውሃ» ብሎ ይፈልጋል። የፍለጋ ሥርዓቱ ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን እንደ አንድ ካልቆጠረ ግማሹ ስብስብ ተደብቆ ይቀራል።

ዋናውን ቲፍ በሦስት ቅጂ አኑሩ፣ አንዱ ከሕንጻው ውጭ ይሁን። ለእያንዳንዱ ፋይል ኤስኤችኤ 256 ቼክሰም (ፋይሉ ከተለወጠ የሚያሳውቅ መለያ ቁጥር) አውጡና በየዓመቱ አረጋግጡ። ለሕዝብ የሚወጣው ፒዲኤፍ/ኤ (ለረጅም ጊዜ ማቆያ የተዘጋጀ የፒዲኤፍ ዓይነት) በየምዕራፉ ይከፋፈል፣ ካርታውም ለብቻው ይቅረብ፤ በሞባይል ዳታ ግማሽ ጊጋባይት አውርዱ ማለት ተደራሽነት አይደለም። ከመጫኑ በፊት በሥራው ያልነበረ ሰው አንድ የጉድጓድ ቁጥር ይሰጠውና ጥልቀቱንና ቦታውን ከፋይሉ ብቻ ያውጣ፤ ካቃተው የቱ ጋ እንደቆመ ጠይቁትና ከዚያው አርሙ።