ሌሊት ብቻውን ለሚነሳ አሮጌ ኮምፒውተር

ዴስክቶፔ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የጫንኩበት ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው፤ ለኔ ሥራ ይበቃል። አንድ ሰሞን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ማታ ስሊፕ አድርጌው፣ ማለትም ሳልዘጋው አስተኝቼው፣ እተኛለሁ፤ ሌሊት የፋኑ ድምፅ ይቀሰቅሰኛል። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ብልጭ ድርግም ሲል ማደር የነበረበት የፓወር መብራት ግን ቀጥ ብሎ በርቷል።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው «አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» ይላል። እባካችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሴቲንግ ወይም ድራይቨር (ዊንዶውስ አንዱን ዕቃ የሚያሠራበት ፕሮግራም) ነው። ማን እንደቀሰቀሰውም ኮምፒውተሩን ከጠየቃችሁት ይናገራል።

አጠያየቁ ይኸውላችሁ። ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ በአድሚኒስትሬተር ክፈቱ። ትእዛዙ ፓወርሲኤፍጂ ይባላል። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ «ፓወር» ብላችሁ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂን ሳትለያዩ አስከትሉበት። ከዚያ ስፔስ፣ ስላሽ፣ «ላስትዌክ»፤ እሱም እንደ አንድ ቃል ተያይዞ። ኢንተር ስትሉ መጨረሻ ላይ የቀሰቀሰውን ዕቃ ስም ያወጣል። የኔ ኔትወርክ ካርዱን አወጣ።

የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ወደሚዘረዘሩበት ወደ ዲቫይስ ማናጀር ገባሁ። ካርዱን ሁለቴ ክሊክ አድርጌ ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ታብ ከፈትኩ፣ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት አነሳሁ። ማውሱንም እንዲሁ አደረግኩት፤ ጠረጴዛ በተነቃነቀ ቁጥር ኮምፒውተር የሚቀሰቅስ ማውስ አለ። ኪቦርዱን ግን ተዉት። እሱንም ከዘጋችሁት ሁልጊዜ ፓወር ቁልፉን ልትጫኑ ነው።

ያን ማታ በደስታ ተኛሁ። ልክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ፋኑ ተነሳ። ነገሩን የነገረኝ ሰዓቱ ነው። ዊንዶውስ አውቶማቲክ ሜንቴናንስ የሚለው የራሱ ጥገና አለው፤ ካልቀየራችሁት በስተቀር ቀጠሮው ይኸው 8 ሰዓት ነው፣ ስክሪኑ ላይ 2:00 ኤኤም ተብሎ ይታያል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሴኩሪቲ ኤንድ ሜንቴናንስ ገብታችሁ፣ ለጥገና ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። በዚያው ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ አድቫንስድ ሴቲንግን ክፈቱ፤ ስሊፕ ሥር ያለውን ዌክ ታይመር (በቀጠሮ ሰዓት መቀስቀሻውን) ዲሴብል አድርጉት። ከዚያ ወዲህ የኔ እስከ ጠዋት ይተኛል።

ጭራሽ የማይተኛም አለ። ለእሱ ያንኑ ትእዛዝ ጻፉና ከስላሹ በኋላ «ሪኩዌስትስ» በሉ። እንዳይተኛ የያዘውን ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ይዘረዝርላችኋል። ብዙ ጊዜ የድምፅ ድራይቨር ወይም ብሮውዘር ላይ ክፍት የቀረ ቪዲዮ ነው።

ስሊፕ የሚለው ምርጫ ራሱ ከሜኑው ከጠፋስ? ከስላሹ በኋላ ኤ ፊደልን ብቻ ጻፉ። የትኛው እንቅልፍ እንደሚሠራና የትኛው ለምን እንደማይሠራ ይነግራችኋል። ዊንዶውስ አዲስ በተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እኔ መጀመሪያ የማየው የግራፊክስ ድራይቨሩን ነው። ዲቫይስ ማናጀር ላይ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ካያችሁ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው፤ በዚያ ድራይቨር ስሊፕ አይሠራም። የካርዱን ትክክለኛ ድራይቨር ከአምራቹ አውርዱ። ለአሮጌ ካርድ አዲሱ ሁሉ ይሻላል ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ለዚያ ሞዴል የተሠራውን ፈልጉ። ተኝቶ ሲነሳ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የሚቀር ከሆነም መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንኑ ድራይቨር ነው።

ተኝቷል ተብሎ ፋኑ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡ። አሮጌ ማዘርቦርዶች ላይ ሰስፔንድ የሚል ምርጫ አለ፤ ኤስ1 (ቀላሉ እንቅልፍ) ከሆነ ወደ ኤስ3 (ጥልቁ) ቀይሩት። ኤስ1 ብዙ ኤሌክትሪክ አይቆጥብም፣ ፋኑንም አያቆምም። ያስተካከላችሁት ተመልሶ ከጠፋ፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ከሄደ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 ናት፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ ለውጧት።

ሃይበርኔት ሌላ ነው። ስሊፕ ሥራችሁን ራም ላይ ይዞ ስለሚቆይ መብራት ከጠፋ ያልተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ሃይበርኔት ግን ሥራችሁን ሃርድ ዲስክ ላይ ጽፎ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። የሚጽፍበት ፋይል ሃይበርፊል ይባላል፤ ሲ ድራይቭ ላይ ተደብቆ ይቀመጣል። ዊንዶውስ 10 ካልቀየራችሁት ከራሙ 40 በመቶ ያህል ቦታ ይይዝለታል፤ የኔ 3 ጊጋ ትንሽ ያልፋል።

ሃይበርኔት አድርጋችሁት ጠዋት ሁሉም ነገር ተዘግቶ እንደ አዲስ ከተነሳ ያ ፋይል ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሥራችሁን ሴቭ አድርጉ። ያንኑ ትእዛዝ ጽፋችሁ ከስላሹ በኋላ ኤች፣ ስፔስ፣ «ኦፍ» በሉ፤ ፋይሉ ይጠፋል። ሪስታርት አድርጉና በ«ኦን» መልሱት፣ አዲስ ይሠራል። ይህም ካልረዳ ሃርድ ዲስኩን ቼክዲስክ በሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መመርመሪያ አስመርምሩት። ግን አደራ፣ ምርመራውን ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።