ጅብ ከሄደ በኋላ እንዳይሆን፦ ለኮዋላ መኖሪያ ሲሟገቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከብሪዝበን እስከ ሲድኒ ባሉ የአውስትራሊያ ከተሞች ዳርቻ አንድ ዓይነት ጠብ ደጋግሞ ይነሣል። የሪል እስቴት ድርጅት የእርሻ መሬትና ጫካ ገዝቶ ሰፈር ሊመሠርት ይዘጋጃል፤ ነዋሪዎች ደግሞ “ይህ የኮዋላ መኖሪያ ነው” ብለው ይቃወማሉ። ኮዋላ ዛፍ ላይ የሚኖር፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚበላ የአውስትራሊያ የዱር እንስሳ ነው። ሰልፍ ይወጣል፣ ፊርማ ይሰበሰባል፣ ግልገሏን ያዘለች ኮዋላ ፎቶግራፍ በየአጥሩ ይለጠፋል። መጨረሻው ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ ዛፉ ይቆረጣል። ለዚህ የአልሚው ገንዘብና ጠበቃ ድርሻ አላቸው፤ የነዋሪዎቹ ስህተትም ግን ትንሽ አይደለም። እነርሱ ስለ እንስሳው ሲሟገቱ አልሚው ስለ ካርታው ይሟገታል፤ ውሳኔው የሚሰጠው ደግሞ በካርታው ላይ ነው።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በብሪዝበንም በሲድኒም ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ አቅም የሚፈቅደው ቤት የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚሁ አዳዲስ የዳርቻ ሰፈሮች ነው። የሚቃወምም፣ ቤት የሚገዛም ሰው ከዚህ በታች ያለውን ቢያውቅ አይጎዳም። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶዘሩ እስኪመጣ መጠበቅ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሰው የሚነቃው ቦታው ሲታጠርና ማሽን ሲገባ ነው፤ በዚያ ጊዜ ዋናው ውሳኔ ከተሰጠ ዓመታት አልፈዋል። ከሲድኒ በስተደቡብ ምዕራብ ያለችው ካምቤልታውን ጥሩ ማሳያ ናት። የዚያ አካባቢ ኮዋላዎች፣ ሌሎቹን ከሚያሳውረውና ከሚያመክነው የክላሚዲያ በሽታ ለረጅም ጊዜ ነጻ ሆነው በመቆየታቸው የታወቁ ናቸው። ጊሊያድ በተባለው ቦታ 1,700 ገደማ ቤቶች እንዲሠሩ የመሬቱ አጠቃቀም ከእርሻ ወደ መኖሪያ የተለወጠው በ2017 ነበር። የሰልፉና የቴሌቪዥኑ ጫጫታ የበረታው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የመሬት አጠቃቀም አንዴ ከተለወጠ “ይሠራ ወይስ አይሠራ” የሚለው ጥያቄ ያበቃል፤ የሚቀረው “እንዴት ይሠራ” ብቻ ነው። ስለዚህ ሊከታተሉት የሚገባው የግዛቱን የዕድገት ዕቅድና የማዘጋጃ ቤቱን የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ረቂቅ ነው። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት የሚሆነው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ማስታወቂያውም ብዙ ሰው በማይከፍተው የድረ ገጽ ጥግ ላይ ይወጣል። አሰልቺ ሥራ መሆኑ አይካድም። በየሰፈሩ ይህን ገጽ በየሳምንቱ የሚከፍት አንድ ሰው ቢኖር ግን ከመቶ ሰልፈኛ ይበልጣል።

“ሕግ ይጠብቀዋል” ብሎ መተኛት

በየካቲት 2022 የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት በኩዊንስላንድ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በዋና ከተማው ግዛት የሚገኙትን ኮዋላዎች ከ“ተጋላጭ” ወደ “ለመጥፋት የተቃረቡ” ደረጃ አሸጋገራቸው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ግንባታ የሚቆም መስሎት ተደሰተ። አልቆመም። በዚህ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ውስጥ መግባት ማለት በእንስሳው ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሥራ ለፌዴራል መንግሥት ቀርቦ ይመርመር ማለት ነው፤ ከምርመራው በኋላ ደግሞ በቅድመ ሁኔታ መፍቀድ የተለመደ ነው።

ከቅድመ ሁኔታዎቹ መካከል ብዙ የሚነገርለት “ማካካሻ” ነው፦ እዚህ ለሚቆረጠው ጫካ ሌላ ቦታ ያለ ጫካ እንዲጠበቅ መክፈል። እዚያ ያለው ጫካ ግን ቀድሞም ነበረ። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ይገጥማል፤ በመሬት ላይ ያለው የዛፍ ቁጥር ግን ቀንሷል። የኒው ሳውዝ ዌልስ ዋና ኦዲተር በ2022 የግዛቱን የማካካሻ አሠራር መርምሮ ክፉኛ ተችቶታል። ስለዚህ ማካካሻ ሲባሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ የሌለ፣ በዚህ ገንዘብ ምክንያት የሚበቅል ዛፍ የትኛው ነው?

“ባሕር ዛፍ እንደሆነ ቶሎ ይበቅላል”

ይህ በተለይ የእኛ ሰው ስህተት ነው፤ እንዲህ ብናስብም አይፈረድብንም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የምናውቀው ባሕር ዛፍ ሲቆርጡት ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ፣ በጥቂት ዓመታት ለአጥርና ለማገዶ የሚደርስ ዛፍ ነው። “ቢቆርጡትስ፣ መልሰው ይተክሉታል” ማለት ይቀለናል።

በትውልድ አገሩ ግን ባሕር ዛፍ ከ700 በላይ ዝርያ አለው። እኛ በብዛት የምናውቀው ነጩንና ቀዩን ነው። ኮዋላ ከዚያ ሁሉ የሚበላው ጥቂቱን ነው፤ በአንድ አካባቢ ደግሞ በእርግጥ የሚመገብባቸው ዝርያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቅጠሉ ቃጫ የበዛበት፣ ጉልበት የማይሰጥና መርዝ ያለበት ነው። እንስሳው በቀን ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ የሚሆነውን እየመረጠ ይበላል፤ የቀረውን ጊዜ፣ አንዳንዴ እስከ 20 ሰዓት፣ ተኝቶ ያሳልፋል። ሰነፍ ይሉታል። በእንደዚያ ዓይነት ምግብ የሚኖር ማንም ቢሆን ይተኛል።

አፈሩም ወሳኝ ነው። በካምቤልታውን አካባቢ ያው አንዱ ዝርያ ሸክላማ በሆነው ለም አፈር ላይ ሲበቅል ኮዋላ ይወደዋል፤ አሸዋማ ድንጋይ ላይ ሲበቅል ያን ያህል አይፈልገውም። ለሙን አፈር ደግሞ ቀድሞ ገበሬ ወሰደው፤ አሁን አልሚ ይፈልገዋል። ለኮዋላ የሚቀርለት ገደሉና ድንጋዩ ነው፤ በካርታ ላይ “ይህን ያህል ሄክታር ጫካ ተጠብቋል” ሲባል ጫካው የትኛው አፈር ላይ እንዳለ ካልጠየቁ ተታለዋል። አዲስ የተተከለው ችግኝም ኮዋላን የሚሸከምና የሚመግብ እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ በበጋው ቃጠሎ ጥላ የሚሆን ትልቅ ዛፍ እስኪሆን ደግሞ ከዚያም በላይ። ቤቱ የተነጠቀው እንስሳ ያን ያህል ዕድሜ የለውም።

በነገራችን ላይ በቪክቶሪያ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ለወረቀት ጥሬ ዕቃ የተተከለ ነጭ ባሕር ዛፍ ውስጥ እጅግ ብዙ ኮዋላዎች ገብተው ይኖራሉ። ዛፉ ለመቆረጥ ሲደርስ እነርሱ ቤት አልባ ይሆናሉ። ያ ሌላ ጣጣ ነው።

“አንድም ቀን አይቼ አላውቅም”

አልሚው ጥናት የሚያስጠናው በተወሰኑ ቀናት ነው። ባለሙያው ሄዶ ኮዋላ ካላየና በመንግሥት መዝገብ ውስጥም ምንም ካልተመዘገበ፣ ሰነዱ “በቦታው መኖሩ አልተረጋገጠም” ይላል። ጎረቤቱ ደግሞ ሃያ ዓመት ሲያያቸው ኖሮ አንድም ቀን አላስመዘገበም። የመንደሩ ሁሉ ዕውቀት በሰው አፍ ላይ ስላለ በችሎት ፊት እንደሌለ ይቆጠራል።

ኮዋላን ቀና ብሎ መፈለግ አድካሚ ነው፤ ዝቅ ብሎ መፈለግ ይሻላል። ከዛፉ ሥር የሚገኘው ኩሱ የወይራ ፍሬ ያህል ይሆናል፤ ሞላላ፣ ደረቅና ጠንካራ ነው። ሲሰብሩት ውስጡ የደቀቀ ቢጫማ አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ ሲያሸቱትም ባሕር ዛፍ ይሸታል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ዘዴ አለ፦ አንድ ዛፍ መርጠው በዙሪያው ያሉትን ጨምረው 30 ዛፎችን ያያሉ፤ ከእያንዳንዱ ግንድ ሥር አንድ ሜትር ዙሪያ ያለውን መሬት እስከ ሁለት ደቂቃ ይፈትሻሉ፤ ከ30ዎቹ ስንቱ ላይ ኩስ እንደተገኘ ይቆጥራሉ። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ለግል መሬት ግን የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኩሱን አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጠው ፎቶ ያንሡ፤ ቀኑንና ቦታውን በካርታ ላይ የሚያሳየውን የጂፒኤስ ቁጥር ይዘው በግዛቱ የዱር እንስሳት መዝገብ ያስገቡ። ግንድ ላይ ያለ የጥፍር ጭረት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሌሎች ዛፍ የሚወጡ እንስሳትም ይቧጭራሉ፤ ይህን እንደ ማስረጃ ያቀረበ ሰው በአንድ ጥያቄ ይረታል።

“ወደ ሌላ ጫካ ይወሰዱ”

ቅን ሐሳብ ይመስላል፤ አልሚዎችም ይወዱታል። ኮዋላ ግን ከለመደው ዛፍ ጋር የተሳሰረ ነው። ሆዱ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ለሚያውቀው ቅጠል የተስማሙ ናቸው፤ ግልገሉ እነዚህን የሚያገኘው ከእናቱ ከሚወጣ ለስላሳ ኩስ በመብላት ነው። ባዕድ ጫካ ውስጥ የተጣለ ኮዋላ አዲሱ ቅጠል ላይስማማው ይችላል፤ ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ ሲባዝንም መኪና ይገጨዋል። ደግሞስ ጥሩ ጫካ ከሆነ ሌሎች ኮዋላዎች ይዘውታል፤ ባዶ ከሆነም ባዶ የሆነበት ምክንያት አለ።

አጥር ብቻ፣ ወይም ምልክት ብቻ መጠየቅ

“ኮዋላ ያቋርጣል፣ ቀስ ብለው ይንዱ” የሚል ቢጫ ምልክት ማስተከል ቀላል ነው፤ በሌሊት በፍጥነት የሚነዳ ሰው ግን አያየውም። አጥር ያለ መተላለፊያ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጫካዎችን ለያይቶ እያንዳንዱን እስር ቤት ያደርጋል። ከካምቤልታውን ወደ አፒን በሚወስደው መንገድ ላይ ብዙ ኮዋላዎች ተገጭተዋል፤ እዚያ የነበረው ክርክርም አጥሩ ከመሬት ሥር መተላለፊያ ጋር ይሁን የሚል ነበር፤ ዓመታት ፈጅቷል።

የመተላለፊያው ስፋትም ቁጥር ያለው ነገር ነው። የኒው ሳውዝ ዌልስ ዋና ሳይንቲስት ጽሕፈት ቤት በ2020 ስለ ካምቤልታውን ኮዋላዎች ባቀረበው ምክር፣ የጆርጅስንና የኔፒያንን ወንዞች የሚያገናኙት የጫካ መስመሮች በአማካይ ከ390 እስከ 425 ሜትር ስፋት እንዲኖራቸው ሐሳብ አቅርቧል። እንግዲህ በሚያምር ሥዕል ላይ አረንጓዴ መስመር ሲያሳዩዎት ማስመሪያ ያውጡ። “መተላለፊያ አለ” የሚለው ቃል ጠባብ የዛፍ ረድፍንም፣ ሰፊ ጫካንም ይሸፍናል።

በቁጥር መጯጯህ

አንዱ ወገን በመላ አገሪቱ የቀሩት ከ100 ሺህ በታች ናቸው ይላል፤ ሌላው የመንግሥትን ግምት ጠቅሶ ብዙ መቶ ሺህ ናቸው ይላል። ሁለቱም በየፊናቸው ምንጭ አላቸው፤ በዚህ ክርክር ገብቶ ያሸነፈ ሰው አላየሁም። በደቡብ አውስትራሊያና በቪክቶሪያ አንዳንድ ቦታዎች ኮዋላ ከመብዛቱ የተነሣ ዛፉን በልቶ የሚጨርስበት ጊዜ አለ። በምሥራቅ ያለው ሌላ ነው፤ ከብሪዝበን ደቡብ ምሥራቅ “ኮዋላ ኮስት” በሚባለው አካባቢ ከ1996 እስከ 2014 ቁጥራቸው በ80 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ የአገሪቱን ቁጥር ትተው የሰፈርዎን ይያዙ።

“ምንም ቤት አይሠራ” ማለት

ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ያለው ሰው ነው። አውስትራሊያ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ በአምስት ዓመት 1.2 ሚሊዮን ቤቶች ለመሥራት አቅዳለች፤ የኪራይ ዋጋ ያስመረራቸው ቤተሰቦች፣ የእኛዎቹን ጨምሮ፣ እነዚያን ቤቶች ይጠብቃሉ። ጠቅላላ እምቢታ ይዞ የሄደ ማኅበር ለራሱ ምቾት የቆመ ተደርጎ ይታያል። “እነዚህ ቤቶች በተመነጠረው ሜዳ ላይ ይሁኑ፤ ይህ ሸለቆና ሁለቱ ዳርቻዎቹ ግን ይቅሩ” ብሎ ካርታ ይዞ የሄደ ግን መልስ ሊሰጠው ግድ ይሆናል።

የራስን ግቢ መርሳት

ውሻ ኮዋላን ይገድላል፤ የተቃውሞ ጽሑፍ ደጁ ላይ የለጠፈው ሰው ውሻም ቢሆን። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ወንዶቹ ሴት ፍለጋ፣ ወጣቶቹ ደግሞ አዲስ ቦታ ፍለጋ በሌሊት በእግራቸው ይዘዋወራሉ፤ በእነዚህ ወራት ውሻውን ማታ ቤት ማስገባት ብዙ ያድናል። ልሙጥ የቆርቆሮ አጥር ለኮዋላ አይወጣም፤ በሁለቱም ወገን አንድ እንጨት ጋደል አድርጎ ማስደገፍ በቂ ነው። የመዋኛ ገንዳ ካለ፣ አንድ ጫፉ ውጭ ላይ የታሰረ ወፍራም ገመድ ውስጡ ይንሳፈፍ። ተጎድቶ መሬት ላይ የተቀመጠ ኮዋላ ካገኙ በጠርሙስ ውኃ አፉ ውስጥ አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። የዱር እንስሳት ረድኤት ሰጪዎችን ይጥሩ።

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ተስፋ መቁረጥ

የተሸነፈ ማኅበር ወረቀቱን ጥሎ ይበተናል፤ በዚያ ወረቀት ላይ ግን ማንም የማይቆጣጠራቸው ግዴታዎች አሉ። በኩዊንስላንድ ደንብ ለምሳሌ የኮዋላ መኖሪያ የሆነ ጫካ የሚመነጠረው በየተራው ነው፤ እንስሳቱ በራሳቸው ጊዜ የሚወጡበት መንገድ እንዲያገኙ። ኮዋላ መኖሩን የሚያይ ባለሙያም በቦታው መገኘት አለበት። ኮዋላ ያለበት ዛፍ፣ ከእርሱም ጋር ቅርንጫፉ የተነካካ ዛፍ፣ እንስሳው በፈቃዱ እስኪወርድ አይነካም። ምንጠራው የሚጀመርበትን ቀንና የባለሙያውን ማንነት ከማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በዚያ ቀን ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ሆነው፣ ፈቃዱን በእጅዎ ይዘው ይመልከቱ፤ ደንቡ ሲጣስ ካዩ ሰዓቱን መዝግበው ወዲያውኑ ይደውሉ።