ልጅ ከትምህርት ቤት የቀረበትን ቀን በካላንደር ላይ መያዝ

ልጅ አልፎ አልፎ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲቀር ለወላጅ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በወር ሁለት ቀን የሚቀር ተማሪ ከመስከረም እስከ ሰኔ ባሉት 10 ወራት 20 የትምህርት ቀን፣ ማለትም አራት ሙሉ ሳምንት ያጣል። እዚህ ሐዋሳ፣ እኛ ቤት የጠቀመንን ዘዴ ላካፍላችሁ። ልጁ የቀረበትን ቀን በዚያው ዕለት ማታ በግድግዳው ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ክበቡት፤ ከጎኑም ያመለጡትን የትምህርት ዓይነቶች ጻፉ። ክቡ የሚሰረዘው ልጁ ከሰፈሩ የክፍል ጓደኛው ደብተር ተውሶ ማስታወሻውን በእጁ ሲገለብጥና ከእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ጥያቄ ያለ እርዳታ ሠርቶ ሲያሳያችሁ ብቻ ነው። ደብተሩን በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ፎቶው ሳይነበብ ይቀራልና።

ዘዴው የሚሠራው ተበታትነው የማይታወቁትን ቀናት በአንድ ገጽ ላይ ስለሚያሳይና ክፍተቱ በቀጣዩ ትምህርት ላይ ሳይደርስ ስለሚደፍነው ነው። በተለይ ሒሳብ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ ልጄ ማክሰኞ በመቅረቷ የጋራ ታሕት መፈለግን ሳትማር አልፋ፣ ሐሙስ 1/3 እና 1/4ን ደምራ 2/7 ብላ ጽፋ መጣች፤ ትክክለኛው መልስ ግን 7/12 ነው።

ልጁ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ከሆነ ግን እስኪያገግም ድረስ ግልበጣውን አቆዩለት። ቀዩን ክብ መቆጫና መቅጫ አታድርጉት፤ ልጁ የቀረበትን ቀን መደበቅ ይጀምራል።