ለቆየ ሞተር ሮከር አርምና ፑሽ ሮድ እንዴት ይመረጣል?

የቆየ መኪና ሞተር ሲታደስ ሐሳቡም ገንዘቡም ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፒስተን፣ ወደ ካምሻፍትና ወደ ካርቡራተር ነው። የካምሻፍቱን ግፊት ወደ ላይ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ፑሽ ሮድ፣ እና ያንን ግፊት ተቀብሎ እንደ ሚዛን እየተወዛወዘ ቫልቩን የሚከፍተው ክንድ፣ ሮከር አርም፣ ብዙውን ጊዜ ከካታሎግ ታዝዘው ይመጡና ልካቸው ሳይታይ ይገጠማሉ። የቫልቭ ጋይድ (ቫልቩ የሚንሸራተትበት ቱቦ) በአንድ ጎን ተበልቶ ሞተሩ ዘይት ማጨስ የሚጀምረው ግን ከዚህ ቸልተኝነት ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉን ከያዙ ሥራው ከባድ አይደለም፦ መጀመሪያ ካምሻፍት፣ ቀጥሎ የቫልቭ ሞላ፣ ከዚያ ሮከር አርም፣ በመጨረሻ ፑሽ ሮድ። ፑሽ ሮድ ሌላው ሁሉ ተገጥሞ ከታየ በኋላ፣ እዚያው ሞተር ላይ ተለክቶ የሚታዘዝ ዕቃ ነው።

1. የያዙትን ሞተር ይወቁ

የሮከር ክዳኑን ከፍተው ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው ሮከሮቹ የተያዙበት መንገድ ነው። በ1955 በወጣው የሼቭሮሌት ስሞል ብሎክ ቪ8 እያንዳንዱ ሮከር በየራሱ ስታድ (ቀጥ ብሎ የቆመ ብሎን) ላይ ተቀምጦ በዳዶ ይታሰራል። በክራይስለር ኤልኤ ቪ8 እና በሚኒ ላይ በሚገኘው የቢኤምሲ ኤ ሲሪስ ሞተር ደግሞ ሮከሮቹ በረጅም ሻፍት (ዘንግ) ላይ ተደርድረዋል። ሁለተኛው የዘይቱ መንገድ ነው። በሼቭሮሌቱ ዘይት ከታፔቱ (በካምሻፍቱ ላይ ተቀምጦ ፑሽ ሮዱን ከሚገፋው ዕቃ) ተነስቶ ውስጡ ክፍት በሆነው ፑሽ ሮድ ወደ ሮከሩ ይወጣል፤ በቆየው ኤልኤ ግን በሻፍቱ በኩል ይመጣል። ዘይቱን ከፑሽ ሮድ የሚጠብቅ ሮከር እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ቢገጠም ደርቆ ሳይቆይ ይነክሳል።

2. ሬሾውን ይወስኑ

ከመዞሪያው ማዕከል እስከ ቫልቭ ጫፍ ያለው ርዝመት፣ ከመዞሪያው እስከ ፑሽ ሮድ መቀመጫ ላለው ርዝመት ሲካፈል ሬሾው ይገኛል። በፋብሪካ ልኩ የሼቭሮሌት ስሞል ብሎክ 1.5፣ ቢግ ብሎኩ 1.7፣ የፎርድ ስሞል ብሎክ ዊንዘር 1.6 ነው። የካሙ ጉብታ ታፔቱን 7.5 ሚሊ ሜትር የሚያነሳ ከሆነ በ1.5 ሮከር ቫልቩ 11.25 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ በ1.6 ደግሞ 12። ካምሻፍት ሳይነካ 0.75 ሚሊ ሜትር ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ትርፍ ግን በነጻ አይመጣም። ሞላው ይበልጥ ይጨመቃል፣ በካሙና በታፔቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ያድጋል። ታፔቱ ሮለር የሌለው ጠፍጣፋ ከሆነ ጉብታው የሚበላበት ዕድልም ይሰፋል። ስሞል ብሎኩ ላይ ወደ 1.6 ሲኬድ ደግሞ የፑሽ ሮዱ ጫፍ ወደ ስታዱ ስለሚጠጋ የቴስታታውን (የሲሊንደር ሄዱን) ቀዳዳ ሊፋቅ ይችላል። በእኔ አስተያየት ለመንገድ የሚሠራ መኪና የፋብሪካውን ሬሾ ይዞ፣ ተጨማሪ ሊፍት (የቫልቭ መከፈቻ ልክ) ከተፈለገ ከካምሻፍቱ ቢያገኘው ይሻላል።

3. የሮከሩን ዓይነት ይምረጡ

ሞላው የፋብሪካ ጥንካሬ ያለው፣ ሞተሩም በለሆሳስ የሚነዳ ከሆነ ከብረት ሳህን ተጨፍልቆ የተሠራው ኦሪጅናል ሮከር ይበቃል። አሮጌውን መልሰው የሚገጥሙ ከሆነ ሮከሩንና የሚዞርበትን ኳስ ከየጥንዱ አይለያዩ፤ አብረው ስለተበሉ ከሌላ ጋር አይስማሙም። ሞላው ሲጠነክርና ዙሩ ሲበዛ ጫፉ ላይ ሮለር፣ መዞሪያው ላይ የመርፌ ኩሽኔታ ያለው ሙሉ ሮለር ሮከር ያስፈልጋል። አሉሚኒየሙ ቀላልና ለአብዛኛው ሥራ የሚበቃ ነው። መኪናው ለዓመታት ሳይከፈት እንዲሄድ ከተፈለገ ግን እኔ ብረቱን እመርጣለሁ፤ አሉሚኒየም በተደጋጋሚ ጫና ይደክማል።

4. ስታዱንና የሮከሩን አቅጣጫ ይመልከቱ

በቆየው ስሞል ብሎክ ስታዶቹ ተጨፍልቀው የገቡ ባለ 3/8 ኢንች ናቸው። ጠንካራ ሞላ ቀስ በቀስ ነቅሎ ያወጣቸዋል፤ ስለዚህ ቴስታታው በብሎን ጥርስ ለሚገባ ስታድ ይዘጋጅ። ሮከሩ ወደ ጎን እንዳይዞር የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ራሱን በቫልቩ ጫፍ ላይ የሚያስተካክል ሮከር ከጋይድ ፕሌት (ፑሽ ሮዱን ወደ ጎን እንዳይሄድ ከሚይዝ ሳህን) ጋር አብሮ አይገጠምም፤ ሁለቱ ይጣላሉ። ጋይድ ፕሌት ካለ ፑሽ ሮዱ ላዩ የጠነከረ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ፕሌቱ ያርሰዋል።

5. ክፍተቶቹን ይለኩ

ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በሞላው ጥቅሎች መካከል በድምሩ፣ እንዲሁም ሞላውን ከላይ በያዘው ሳህንና በጋይዱ ላስቲክ መካከል ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር ይቅር። ቫልቭና ፒስተን እንዳይገናኙ በተለምዶ የሚያዘው ዝቅተኛ ልክ ለመግቢያው 2፣ ለጭስ ማውጫው 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሮከሩ ቀዳዳ ከስታዱ ጋር አለመነካካቱንና ክዳኑ መግጠሙንም ይዩ።

6. የፑሽ ሮዱን ርዝመት ይፈልጉ

ቴስታታው ወይም ብሎኩ ከተላገ፣ በመካከላቸው ያለው የጓርኒሲዮን ውፍረት ከተለወጠ፣ ካሙ እንደገና ከተሞረደ፣ ረጅም ቫልቭ ወይም ሮለር ታፔት ከገባ የፋብሪካው ርዝመት አይሠራም። የታደሰ ሞተር ደግሞ ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ አያጣውም።

በአንዱ ሲሊንደር ቫልቮች ላይ ለስላሳ የመለኪያ ሞላ ይግጠሙ። በሃይድሮሊክ ታፔቱ (ውስጡ ዘይት ይዞ መቀመጫው በሚሰምጠው) ፈንታ የመቀመጫው ቁመት እኩል የሆነ፣ የማይሰምጥ ታፔት ያስገቡ። ርዝመቱ የሚስተካከል መለኪያ ፑሽ ሮድ ይጨምሩና የቫልቩን ጫፍ በማርከር ቀብተው ሮከሩን ያለ ክፍተት በዳዶው ያጥብቁ። ከዚያ ክራንክሻፍቱን በእጅ ደጋግመው ያዙሩ። ሮከሩ ሲነሳ ሮለሩ ቀለሙን የፋቀበት ዱካ ይታያል።

የሚነበበው ያ ዱካ ነው። ስፋቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ከሰፋ ሮለሩ በቫልቩ ጫፍ ላይ ብዙ እየሄደ፣ ቫልቩን ወደ ጎን እየገፋ ነው፤ ጋይዱን የሚበላው ይህ ግፊት ነው። መለኪያውን በትንሽ በትንሹ ያርዝሙ ወይም ያሳጥሩ፣ ጫፉን እንደገና ቀብተው ያዙሩ፣ ዱካው ወደሚጠብበት አቅጣጫ ይቀጥሉ። በጣም የሚጠበው ሮከሩ የሊፍቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ፣ ከመዞሪያው ማዕከል ወደ ሮለሩ ማዕከል የሚሄደው መስመር ከቫልቩ ዘንግ ጋር 90 ዲግሪ ሲሠራ ነው። ዱካው መሃል ላይ ቢያርፍ መልካም፤ ጥበቱ ግን ይበልጣል። አንዳንዶች መሃል ለማምጣት ሲሉ የጠበበውን መልሰው ያሰፉታል፣ ይህ ስህተት ነው።

በሻፍት ለተያዙ ሮከሮች ነገሩ ይለያል። መዞሪያው ቋሚ ስለሆነ ዱካው የሚስተካከለው በሻፍቱ መቆሚያ ሥር በሚገባ ሺም (ስስ የብረት ሳህን) ነው፤ ፑሽ ሮዱ የሚወስነው የቫልቭ ክፍተቱን ብቻ ነው።

በመጨረሻም ለሃይድሮሊክ ታፔት የሚሰምጥበትን ልክ በተገኘው ርዝመት ላይ ይደምሩ። ብዙ ጊዜ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የታፔቱ አምራች ሌላ ልክ ከሰጠ የእሱን ይያዙ።

7. ውፍረቱን መርጠው ይዘዙ

የሚጎብጥ ፑሽ ሮድ የካሙን ቅርጽ ወደ ቫልቩ አያደርስም። ከቫልቩ ይልቅ የሚንቀሳቀሰው በትንሹ ስለሆነ ከክብደቱ በፊት ጥንካሬውን ያስቡ። 5/16 ኢንች የተለመደ ነው፤ ቀዳዳው የሚያሳልፍ ከሆነና ሞላው ከጠነከረ 3/8 ይሻላል። የጫፎቹንም ዓይነት ይለዩ፦ ማስተካከያ ብሎኑ ኳስ የሆነ የሻፍት ሮከር ላዩ ጎድጓዳ የሆነ ፑሽ ሮድ ይፈልጋል። አምራቾች ርዝመት የሚለኩበት መንገድ አንድ አይደለም፤ አንዱ የዘይት ቀዳዳው ካለበት ጠፍጣፋ ጫፍ፣ ሌላው ኳሱ ሙሉ ቢሆን ከሚደርስበት ይነሳል። ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ።

8. መግጠም

አዲሶቹን ፑሽ ሮዶች ውስጣቸውን አጥበው በአየር ይንፉ፣ በመስታወት ላይ አንከባልለው ቀጥ ማለታቸውን ይዩ፣ ጫፋቸውን የመግጠሚያ ቅባት ይቀቡ። ቫልቩ ተዘግቶ ታፔቱ ከጉብታው ውጭ ሳለ ፑሽ ሮዱን በሁለት ጣት ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ዳዶውን ያጥብቁ። ፑሽ ሮዱን እያሽከረከሩ መፈተሽ በዘይት በተነከረ ታፔት ላይ ያታልላል። ክፍተቱ ልክ ሲጠፋ ያቁሙና የሃይድሮሊክ ታፔቱ የሚሰምጥበትን ልክ ይጨምሩ፦ በ3/8 ስታድ ግማሽ ዙር 0.53 ሚሊ ሜትር፣ በ7/16 ደግሞ 0.64 ሚሊ ሜትር ነው።